ከብትና እሳት አንድ ሣር ሲሻሙ

ጎጆ ወይም ክምር ሲቃጠል «እሳት በላው» እንላለን። ለሰሚው ተራ ዘይቤ ይመስላል፤ የሣር ምድርን ለሚያጠኑ ሰዎች ግን የነገሩ ትክክለኛ ስም ነው። ሳቫና በሚባለው የሣር ምድር ውስጥ እሳት እንደ በሬውና እንደ ሜዳ አህያው ሣር በል ነው። ልዩነቱ አለመምረጡ ላይ ነው። ከብት አሽትቶ የሚያልፈውን የደረቀና የጠነከረ አገዳ እሳት ሳያቅማማ ይውጠዋል፤ ውሃ አይጠማውም፣ ጠግቦም አያመሰኳም።

ስለ ግጦሽና ስለ ቃጠሎ የሚደረገው ክርክር መንገድ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አንዱን «ልቅ ግጦሽ»፣ ሌላውን «ሰደድ እሳት» ብሎ ሁለቱን በየፋይላቸው ይከስሳቸዋል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለቱን በአንድ ላይ መቀነስ ለዕፅዋቱ የሚበጅ ይመስለዋል። ከብትና እሳት ግን ከአንድ ገበታ የሚበሉ ባላንጣዎች ናቸው፤ አንዱ የበላውን ሌላው አያገኘውም። አንድ ሜዳ ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሜዳ ሆኖ ይቆይ፣ ወይስ እሾህ ይዋጠው የሚለውን ጥያቄ በአብዛኛው የሚመልሰው ሣሩን ማን በላው የሚለው ነው።

ሳቫና የሚባለው ከሥር ያልተቋረጠ ሣር፣ ከላይ የተበታተነ ዛፍ ያለው፣ ዝናብና በጋ ተለይተው የሚፈራረቁበት ሞቃታማ ምድር ነው። ከዓለም የብስ አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ከአፍሪካ ደግሞ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ነው። የቅኝ ግዛት ዘመን የደን ሹማምንት ይህን ምድር ሲያዩ የታያቸው በመጥረቢያና በእሳት የተመናመነ ደን ነበር። እሳቱ ቢቆም ደኑ ይመለሳል የሚለው እምነት ከእነሱ ተወርሶ በብዙ አገሮች የደን አስተዳደር ውስጥ አሁንም ይሠራል። ከመሬት የሚወጣው ማስረጃ ግን ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ዛሬ ሳቫናን የሸፈኑት ሙቀት ወዳድ ሣሮች መስፋፋት የጀመሩት ከ8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ እንኳን ክብሪት መጥረቢያም አልነበረም። እሳቱን መብረቅ ይለኩሰው ነበር፤ ሣሩም በየዓመቱ ደርቆ ይጠብቀው ነበር።

ለመሆኑ ሣሩን በቦታው የሚያቆየው ዝናብ ነው ወይስ እሳት? እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከ854 የአፍሪካ ሳቫና ቦታዎች የተሰበሰበ መረጃ ለዚህ ጥሩ መልስ ሰጥቷል። ዓመታዊ ዝናቡ ከ650 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች በሆነበት ቦታ ዛፉ የቱንም ያህል ቢመቸው ምድሩን ሊሸፍነው አይችልም፤ ውሃው አይበቃውም። ከዚያ በላይ ግን ዝናቡ ለደን ይበቃል። በዚህኛው ክፍል ሣሩና ዛፉ አብረው እንዲኖሩ የሚያደርገው የእሳትና የእንስሳት ጉልበት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ የኮምፒውተር ስሌት ደግሞ እሳት ፈጽሞ የሌለባት ዓለም ምን እንደምትመስል ጠይቆ ነበር። ምላሹ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ዕፅዋት ካለው የምድር ገጽ የሚይዘው ድርሻ ከ27 በመቶ ወደ 56 በመቶ ከፍ ይላል የሚል ሆነ። ስለዚህ ከዛሬው የሣር ምድር ብዙው እዚያ ያለው ዝናብ ስላነሰው ሳይሆን በየጊዜው ስለሚበላ ነው።

እሳቱ በዛፉ ላይ የሚሠራውን ሥራ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ «እሳት ዛፍ ይገድላል» የሚለው አነጋገር ለሳቫና ዛፍ ብዙም አይሠራምና። የደቡብ አፍሪካው ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ከ1954 ጀምሮ በአራት ዓይነት የዕፅዋት ገጽታዎች ላይ የሙከራ መሬቶችን ከልሎ አንዳንዱን በየዓመቱ፣ ሌላውን በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ሲያቃጥል፣ የተወሰነውን ደግሞ ከእሳት ሲጠብቅ ኖሯል። ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ሲቆጠር የዛፎቹ ቁጥር በተቃጠለውና ባልተቃጠለው መካከል ያን ያህል አልተራራቀም። የተራራቀው ቁመታቸው ነው። ያልተቃጠለው መሬት ላይ ዛፎቹ ተመዘው አድገዋል፤ በተደጋጋሚ የተቃጠለው ላይ ደግሞ ሣሩ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ቀርተዋል።

ምክንያቱ ነበልባሉ የሚደርስበት ከፍታ ነው። የሣር እሳት በአብዛኛው የሚጎዳው ከሁለትና ከሦስት ሜትር በታች ያለውን ነው። አናቱን ከዚያ በላይ ያሻገረ፣ ቅርፊቱም የወፈረ ዛፍ እሳቱን ከእግሩ ሥር ያሳልፈዋል። ያልደረሰው ግን ግንዱ ተቃጥሎ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በሚቀጥለው በጋ እንደገና ይቃጠላል፤ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጉልበት የማይደርስ ችግኝ የሚመስለው ነገር ሲቆፈር የክንድ ውፍረት ያለው ሥር ሊገኝበት ይችላል። ልጅ መስሎ የሚታይ አዛውንት ነው። የሚጠብቀው አንድ ዕድል ነው፤ ሦስት አራት ዓመት እሳት የሌለበት ጊዜ። ያን ካገኘ አናቱን አሻግሮ ያመልጣል፤ ካመለጠ በኋላ ደግሞ እሳት መልሶ አያወርደውም።

ሣሩ ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። አዲስ ቅጠል የሚወጣበት እንቡጥ ከአፈሩ ጥግ ወይም ከአፈሩ ውስጥ ስለሆነ ከላይ የተበላው፣ በጥርስም ይሁን በነበልባል፣ ብዙ አይጎዳውም። እንዲያውም ቴሜዳ የሚባለው፣ በአፍሪካ ሳቫና በሰፊው የሚገኘው ቀይ ዘለላ ያለው ሣር፣ ለብዙ ዓመት ሳይበላና ሳይቃጠል ከቀረ የራሱ ያረጀ ቅጠል ጥላ ሆኖ ያፍነዋል፤ ይመነምናል። መተው ማለት መጠበቅ አይደለም።

ወደ ከብቶቹ እንምጣ። የቀንድ ከብት በዋነኛነት ሣር በል ነው፤ ቁጥቋጦ የሚቀነጥሰው ሲቸግረው ነው። ስለዚህ መንጋው በበዛ ቁጥር ሁለት ነገሮች ባንድ ጊዜ ይሆናሉ። ከዛፍ ቡቃያ ጋር በውሃ የሚሻማው የሣር ሥር ይዳከማል፤ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ከመጀመሪያው የሚከብደው፣ በበጋ የሚቃጠል ነገር መጥፋቱ ነው። አጭርና የተቆራረጠ ሣር እሳት አያስተላልፍም። ያ ሥር ውስጥ ተደብቆ የኖረው አዛውንት የሚጠብቃቸው ዓመታት ያኔ ይመጡለታል። ከብት ዛፍ አይተክልም፤ ለዛፉ ግን ጠላቱን ያስርለታል።

ኬንያ፣ ላይኪፒያ ውስጥ ከ1995 ጀምሮ የሚካሄድ አንድ ሙከራ ይህን ከግምት አውጥቶታል። እያንዳንዳቸው 4 ሄክታር በሆኑ 18 የታጠሩ መሬቶች ላይ ከብት፣ መካከለኛ የዱር እንስሳት፣ ዝሆንና ቀጭኔ በየዓይነቱ እንዲገቡ ወይም እንዳይገቡ ይደረጋል። ተመራማሪዎቹ ከመሬቶቹ ከፊሉን ሲያቃጥሉ ከብትም ሆነ የዱር እንስሳ ሲግጥበት የኖረው ቦታ የእሳቱ ሙቀት ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። የሙቀቱ ልዩነት በዛፉ ላይ ብቻ አልቀረም፤ በዚያ ጥቁር አፈር ላይ የነገሠው ግራር እሾሁ ሥር ባለ እባጭ ውስጥ ጉንዳኖችን ያኖራል፣ እነሱም ቅጠሉን ከሚበላው ይከላከሉለታል። ሲጋጥ በኖረው መሬት ላይ ጉንዳኖቹ ከቃጠሎው በተሻለ ቁጥር ተርፈዋል። ከብት ሣር በልቶ ጉንዳን ያድናል ብሎ ማን ያስብ ነበር!

የዚሁ ቦታ ሌላ ግኝት ደግሞ የዱር እንስሳትን እንደ ሣር ሌባ ብቻ የሚያይ አርቢን ያሳስበዋል። በደረቁ ወቅት የሜዳ አህያና ጓደኞቹ በእርግጥ ከከብቱ ጋር ይሻማሉ፤ ከብቱ ክብደት የሚጨምረው በዝግታ ነው። በዝናቡ ወቅት ግን የሜዳ አህያው የጠነከረውን አገዳ እየበላ ከሥር ያለውን ለስላሳ ቅጠል ይገልጥለታል፤ ከብቱም ለብቻው ከሚሠማራው በተሻለ ይደልባል። አገዳውን የማንሣት ይህንኑ ውለታ እሳትም ይውላል። ከተቃጠለ መሬት ላይ የሚወጣው ለጋ ሣር በፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ እንስሳቱ ከየአቅጣጫው ይሰበሰቡበታል፤ ሲግጡት አጥሮ ይቆያል፤ አጭር ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት አይቃጠልም። እሳቱ ያልተጋጠውን ፍለጋ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሁለቱ በላተኞች ሰፊ መሬት ሲያገኙ እንዲህ ቦታ እየተለዋወጡ ይኖራሉ፤ ሜዳውም አንድ ዓይነት ልብስ ከመልበስ ይልቅ የተጣፈ ጋቢ ይመስላል።

ማንም ሆን ብሎ ያላቀደው ትልቁ ሙከራ የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ሜዳ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል ገብቶ በአገራችን ለ«ክፉ ቀን» ምክንያት ከሆኑት አንዱ የነበረው የደስታ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አህጉሩን አቋርጦ ደቡባዊ ጫፉ ደርሷል። ከብት ብቻ ሳይሆን ጎሽና ዊልደቢስት የሚባለውን በመንጋ የሚኖር ሣር በል የዱር እንስሳም ፈጅቷል። በሽታው በአካባቢው ከብቶች ላይ በክትባት ሲገታ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የሴሬንጌቲ ዊልደቢስት በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። ያ ሁሉ አፍ ሣሩን በላው፤ ለእሳት የቀረለት አነሰ፤ የሚቃጠለው መሬት በየዓመቱ ጠበበ፤ ዛፎቹም ተመለሱ። የ2009 ስሌት እንደሚያሳየው ያ ምድር ካርቦን ከሚለቅበት ሁኔታ ወደሚያጠራቅምበት ተሻገረ። ለከብት የተሰጠ ክትባት ደን አበቀለ ማለት ነው።

ታሪኩ ሲነገር ሁልጊዜ እንደ ድል ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያው ሂደት፣ ያው ሰንሰለት፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ እንደ መዓት መቆጠሩ ነው። የቦረና አርብቶ አደሮች በጋው ሲያበቃ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ያረጀውን ሣር ያቃጥሉ ነበር፤ መዥገሩን ለማጥፋት፣ ቁጥቋጦውን ለመግታት፣ ለጋውን ለማስወጣት። በ1970ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ቃጠሎን ከለከለ። በዚያው ዘመን ግድም የተቆፈሩ ኩሬዎች ቀድሞ በዝናብ ወቅት ብቻ ይጋጥ የነበረውን መሬት ዓመቱን ሙሉ ለመንጋ ከፈቱት። እሳቱ በሕግ፣ የሚቃጠለውም በከብት አፍ ጠፋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቦረና አምባ 40 በመቶ ያህሉ በቁጥቋጦ እንደተወረረ ተገመተ፤ በ2000ዎቹ የወጣ ጥናት ደግሞ ከግማሽ በላይ አድርሶታል። ሣር ባነሰበት ምድር ቅጠል የሚቀነጥሱት ግመልና ፍየል የላሙን ቦታ እየያዙ መጡ። ሴሬንጌቲ ላይ ያስደሰተው ዛፍ ላም ላይ ለተመሠረተ ኑሮ የግጦሽ ሞት ነው። የዕፅዋቱ ሕግ አንድ ሲሆን የሚለየው ከሜዳው ምን እንደሚጠበቅ ነው።

ለዚህም ነው «ልቅ ግጦሽ በረሃ ያመጣል» የሚለው የተለመደ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው። በጣም ደረቅ በሆነው ጫፍ፣ ወይም የውሃ ጉድጓድ አጠገብ፣ መሬቱ በእርግጥ ይራቆታል። ዝናቡ መካከለኛ በሆነበት ሳቫና ግን የተጋነነ ግጦሽ መጨረሻው እንደ በረሃ የተራቆተ ሳይሆን አረንጓዴ ነው። ከሳተላይት ሲታይ የለመለመ፣ ከመሬት ሲታይ ግን ላም የማያልፍበት እሾህ። ናሚቢያ ውስጥ ከ26 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዲህ ሆኗል ተብሎ ተገምቷል፤ አገሪቱ ቁጥቋጦውን እየቆረጠች ከሰል አድርጋ ወደ ውጭ ትሸጠዋለች።

የእሳት ጉዳይ በ«ይቃጠል» እና «አይቃጠል» ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ መቼ የሚለው ይበልጣል። ኮትዲቩዋር ውስጥ በኮኮንዴክሮ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ጎን ለጎን የተያዙ መሬቶች ነበሩ። ከእሳት የተጠበቀው መሬት ወደ ደን አመራ። በበጋው መጨረሻ ሁሉም ነገር ክው ብሎ ሲደርቅ በየዓመቱ የተቃጠለው ዛፉን እያጣ ወደ ሣር ሜዳነት ሄደ። በበጋው መጀመሪያ፣ ሣሩ ገና እርጥበት እያለው የተቃጠለው ግን ዛፉን ይዞ ቆየ። አንድ ምድር፣ አንድ ዝናብ፣ የጥቂት ወራት ልዩነት። ሰሜን አውስትራሊያ፣ ምዕራብ አርነም ላንድ ውስጥ የአቦሪጂናል ማኅበረሰቦች ይህንኑ የቀደመ እውቀታቸውን ከ2006 ጀምሮ ወደ ገቢ ለውጠውታል፤ በበጋው መግቢያ ቀዝቀዝ ያለ እሳት እየለኮሱ ወደ በኋላ የሚመጣውን ታላቅ ቃጠሎ ያስቀራሉ፣ ያስቀሩትም ጋዝ ተሰልቶ ይከፈላቸዋል። ቁጥቋጦ መግታት የሚፈልግ አርቢ ግን ይህን ገልብጦ ማንበብ አለበት፤ ቀዝቃዛው እሳት ዛፍ ይጠብቃልና።

እዚህ ላይ የቡርኪና ፋሶን ላባና ቲዮጎ ሳልጠቅስ ብቀር ጽሑፉን ከሚገባው በላይ አሳምሬዋለሁ ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት የደን ቦታዎች ከ1992 ጀምሮ ግጦሽ፣ በበጋ መጀመሪያ የሚደረግ ቃጠሎና የዛፍ ቆረጣ አንድ ላይና ለየብቻ ተሞክረዋል። ግጦሹ የሚቃጠለውን ሣር መቀነሱ እዚያም ታይቷል። በሣሩ ዓይነትና ብዛት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከሙከራዎቹ ይልቅ የዓመቱ ዝናብና የቦታው አፈር የበለጠ ይናገራሉ። ውጤቱ ከዝርያ ዝርያም ይለያያል። አንድ ቦታ የሠራን የቃጠሎ ፕሮግራም ገልብጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ ለዚህ ነው የማይሠራው።

በዚህ ሁሉ መሐል ዓለም ወዴት እየሄደ ነው? ከ1998 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በምድር ላይ በየዓመቱ የሚቃጠለው ስፋት በሩብ ገደማ ቀንሷል። ዜና ላይ የምናየው የካሊፎርኒያና የአውስትራሊያ ነበልባል ሌላ ስሜት ቢያሳድርብንም ቅነሳው እውነት ነው፤ የበዛውም በሳቫናና በሣር ምድር ነው። መሬቱ በእርሻ ተቆራርጧል፣ ከብቱ በዝቷል፣ እሳት የሚሻገርበት ሣር የለም። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረበት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ገደማ፣ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ይህ ለዛፍ ቡቃያ ምግብ ነው፤ ከእሳት በኋላ ቶሎ አቆጥቁጦ ቶሎ ያመልጣል። በ2018 በወጣ ጥናት መሠረት ከሰሐራ በታች ያለው የእንጨት ዕፅዋት ሽፋን በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ በ8 በመቶ ጨምሯል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው የዛፍ ተከላ ዘመቻው የሚጨመረው። በ2015 የተጀመረው አፍሪካዊ የመልሶ ማልማት ውጥን እስከ 2030 ድረስ 100 ሚሊዮን ሄክታር ለማዳረስ ያለመ ነው። የተራቆተ ደን መልሶ ማልማት የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን በ2024 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ትንታኔ፣ ቃል ከተገባው መሬት ውስጥ 70 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ ደን ሆኖ የማያውቅ ሳቫናና የሣር ምድር መሆኑን አሳይቷል፤ ከፈረንሳይ የሚሰፋ መሬት። ዛፍ የጎደለው ሜዳ ሁሉ ዛፍ የተነጠቀ ይመስል! ዛፍ ሲሞላበት ምን እንደሚጠፋም ሴራዶ ከሚባለው የብራዚል ሳቫና ይታወቃል። እሳት በተከለከለባቸው ቦታዎች ሳቫናው ወደ ደንነት ሲለወጥ የዕፅዋት ዝርያ በ27 በመቶ፣ የጉንዳን ዝርያ በ35 በመቶ ቀንሷል። ካርቦኑ በእርግጥ ጨምሯል። ይህ ግን ከመሬት በላይ ቆሞ በአንድ መጥፎ በጋ ሊነድ የሚችል ካርቦን ነው፤ የሣር ምድር ሀብቱን የሚያስቀምጠው በአመዛኙ ከአፈር በታች ነው።

ከብቱን ብቻ መክሰስ እንደማይገባም ከመሬቱ ራሱ የሚገኝ ማስረጃ አለ። ደቡብ ምዕራብ ኬንያ ውስጥ አርቢዎች ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሰፈሩባቸው ቦታዎች ዛሬም የተለዩ ናቸው። በረቱ ውስጥ የተከማቸው እበት አፈሩን አበልጽጎት ክብ የሆነ ለምለም ሣር፣ ዛፍ የማይደፍረው፣ የዱር እንስሳት እየመረጡ የሚግጡት ቦታ ሆኖ ቀርቷል። የመንጋው ባለቤቶች ስማቸው እንኳ አልተረፈም፤ የበረታቸው ሣር ግን አለ። በረቱ በየጊዜው ይዛወር ስለነበር ነው ሜዳው በእንዲህ ዓይነት ክቦች የተዘራው። ዛሬ በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ የቆመ መንጋ ይህን አይሠራም።

አሁን ቁጥቋጦ በወረረው መሬት ላይ «እሳቱን እንመልሰው» የሚል ሐሳብ በብዙ አገር ይነሣል፤ በቦረናም በሙከራ ተሞክሯል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ቁጥቋጦው ከጠና በኋላ ከሥሩ ያለው መሬት ባዶ ነው፤ ክብሪት ቢጫርበት የሚይዘው የለም። አናቱን ያሻገረውን ዛፍ መቁረጥ ይቀድማል። ከዚያ ሣሩ ቢያንስ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ሳይጋጥ እንዲቆም መደረግ አለበት። ሲቃጠልም በበጋው መጨረሻ፣ በቂ ሙቀት እንዲኖረው፤ ሰደድ እንዳይሆን ደግሞ ዙሪያው ተመንጥሮ፣ ነፋሱ ታይቶ። ከእሳቱ በኋላ ለጋው እስኪጠነክር መንጋው እንደገና መራቅ አለበት፤ ከሥር የሚያቆጠቁጠውን ደግሞ ፍየልና ግመል እንዲቀነጥሱት ማስገባት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ከብቶቹን ለሁለት ወቅቶች ያህል ሌላ ቦታ ማክረም አለበት። ቀድሞ ሌላው ቦታ ነበር፤ መንጋው ወደ ሌላው ጎሣ መሬት ይሄድ፣ በተራው ይቀበልም ነበር። አሁን በዚያ በኩል እርሻ ታርሷል፣ በዚህ በኩል አጥር ቆሟል፣ በወዲያኛው ደግሞ የችግኝ ጣቢያ ተተክሏል። የቃጠሎ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ቢገኝ እንኳ ያንን የግጦሽ ቦታ አብሮ የሚያስፈቅድ መሥሪያ ቤት በአብዛኞቹ አገሮች የለም፤ የደኑ ሹም የእሳቱን፣ የእንስሳቱ ሹም የከብቱን ፋይል ለየብቻ ይዘው ተቀምጠዋል።